አይዞሽ ማለት የተከለከለበት ሥልጠና

ታናሽ እህቴ ፖሊስ ናት። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ወዲህ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ሽሮ ሜዳ፣ ቤታችን በር ላይ ተቀምጬ የጋቢና የነጠላ ጫፍ እቋጫለሁ።

ባለፈው ዓመት እሷ በአማካሪነት ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ሰዎች ለተዘጋጀ ሥልጠና ተመረጠች። አብረዋት ከሚማሩት ግማሾቹ ዲፕሎማቶች ነበሩ። ሰው ስለሚሸጡ ደላሎች፣ በጦርነት ጊዜ ስለሚፈጸም ወንጀል፣ ከተጎዳ ሰው ቃል እንዴት እንደሚወሰድ ይማራሉ። አዳራሹ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ በእግሯ ትመለስና ራት ላይ የዋለችበትን ታወራለች። እናታችን ጉርሻዋን ይዛ አፍ አፏን ታያለች። እኔ ሳህን አነሳለሁ።

እቀና ነበር። በደመወዟ አይደለም። ስታወራ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ስለሚሰማት ነው። እኔ ገና አንድ ነገር ስጀምር ሌላው የራሱን ወሬ ያነሳል፤ እኔም እተወዋለሁ።

በመጨረሻ ፈተና ነበረባቸው። ሰልጣኙ አሰልጣኞች ፊት ተቀምጦ የአንዲት ምስክር ቃል ይቀበላል። ያለፈ ይመደባል፣ ያልሆነለት እዚሁ ይቀራል። ምስክሯን መስላ የምትጫወት ሰው ከሰፈር ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ ተባሉ። እኔን ትወስደኛለች ብዬ ሹሩባ ተሠራሁ። እሷ ግን የጎረቤታችንን የባለሱቁን ልጅ ወሰደች። አንቺማ ታፍሪያለሽ፣ እታለም፣ አለችኝ። እውነቷን ነው።

የባለሱቁ ልጅ ስትመለስ ሱቃቸው መስኮት ላይ ተደግፋ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ አወራች። ደላላ አታሎ የሸጣት ልጅ ሆና ስትጫወት እንባዋ ሳትጠራው መጣ። ይሄኔ እህቴ ወንበሯን ስባ እጇን ያዘቻትና «አይዞሽ፣ እናስፈርድልሻለን» አለቻት። አሰልጣኙ እዚያው ላይ አስቆማት። ቃል የሚቀበል ሰው አያጽናናም፣ በእጁ የሌለውን ፍርድም ቃል አይገባም፤ ምስክሯ እሱን ለማስደሰት ብላ ያልሆነውን ትጨምራለች አላቸው። ከሰልጣኞቹ ብዙዎቹ የወደቁት በዚችው በአይዞሽ ነው። የእኛ ሰው የሚያለቅስ እያየ አይዞህ ሳይል እንዴት ይቀመጣል? የወደቁት፣ እህቴም ጭምር፣ ለመጨረሻ ጊዜ እንዲሞክሩ ለሰኞ ተቀጠሩ።

«እህትሽ ደግነቱ መች አነሳት፣ ፖሊስነቱ ነው እንጂ» አለችኝ የባለሱቁ ልጅ ማስቲካዋን እያኘከች። የቆሙት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እህቴ በያዘችው እጅ ቀናሁ። ለጨዋታ እንባ አይዞሽ ተሰጠ። እኔ ለእውነተኛውም አላገኘሁም።

እሑድ ከሰዓት እህቴ ወንበር ይዛ አጠገቤ መጣችና ምስክር ሁኚልኝ፣ ልለማመድ አለች። ዛሬ እኔን ምን አስታወሰሽ አልኳት።

«ካንቺ ጋር አይዞሽ አያመልጠኝም።»

ክፋት አስባ አልነበረም። እኔ ግን እንዲያመልጣት አደርጋለሁ አልኩ በልቤ። ዛሬ ካመለጣት ነገም ያመልጣታል፣ ከወደቀችም አትሄድም፤ አይዞሹም ለእኔ ይሆናል።

የምስክሯ ታሪክ የተጻፈበትን፣ የሰጠችኝን ወረቀት አጥፌ አስቀመጥኩና የራሴን ነገር ጀመርኩ። አባታችን ታሞ ሸማ መሥራት ያቃተው ዓመት ወደ ስምንተኛ ማለፌን የሚያሳየውን ካርድ ይዤ ስገባ እናታችን የዩኒፎርም ቀሚሴን እየተረተረች ነበር። ያዢልኝ አለችኝ፣ ያዝኩላት። ቀሚሱ አጠረና ለታናሼ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ለብሳው በሩ ላይ ዞር ዞር እያለች አሳየችኝ። ያምርብሻል አልኳት። ከዚያ ወዲህ ተማሪ የሚለቀቅበት ሰዓት ሲደርስ ጓሮ እገባ ነበር።

እህቴ የታች ከንፈሯን ነከሰች። እጇ ከጉልበቷ ላይ ተነሳ። መጣልኝ አልኩ። እጇ አየር ላይ ጥቂት ቆየና ተመልሶ ጉልበቷ ላይ ዐረፈ። ከታች የታክሲ ረዳት ይጣራል። እህቴም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ከዚያስ?» አለች።

በሕይወቴ ከዚያስ ያለኝ ሰው አልነበረም። ልጥላት የተነሳሁት እኔ ፀሐይ እስክትጠልቅ አወራሁ። የሚያሳፍረኝን ሳይቀር ነገርኳት። ደንግጣ ዐይኗ እንባ ሲሞላ አየሁ፤ ግን አንድ ጊዜም አላቋረጠችኝም፣ አላባበለችኝም። ፈተናውን እንደምታልፍ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሰኞ አለፈች። እናታችን እልል አለች፣ ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው። እኔም ጉንጯን ሳምኳት። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ዞሮ ሌላ ሰው ላይ ዐረፈ። አሁን የምቀናው እዚያ ሩቅ አገር ባለች፣ መልኳንም ስሟንም በማላውቃት ሴት ነው። እህቴ ቃሏን ልትቀበል ወንበር ስባ አጠገቧ ትቀመጣለች። ሴትየዋም ሳትቸኩል የፈለገችውን ያህል ትናገራለች።