ባለ ቢጫ ሻርፗ

የሲኒማ ቤቷ ትኬት ቆራጭ ሰውየውን በኮፍያው ታውቀዋለች። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ዳር ይቀመጥና ኮፍያውን እንደታጠበ ልብስ ይጨምቀዋል። ፊልሙ፣ አንድ ሰው እየሸሸ የቀረጸው አስመስለው የሠሩት የአውሬ ፊልም ነው። ምስሉ ያስደነግጣል፤ ታሪኩ ግን ውሃ አያነሳም። ሰውየው አውሬውን ከቁብ አይቆጥረውም። ፊልሙ ላይ ሕዝቡ ሲሸሽ ግን ብድግ ይላል፤ ባለ ቢጫ ሻርፕ ልጅ ካሜራውን ገፍትራ እስክታልፍ ድረስ አይተነፍስም። የትኬት ቆራጯ ይህን ሁሌ ከበሩ ላይ ታያለች። ልጅቷ እንዳለፈች ሰውየው ውልቅ ብሎ ይሄዳል።

ዛሬ ሲወጣ፣ "ነገም ይታያል?" አላት።

"ዛሬ ማብቂያው ነው፣ አባባ። ገብተው ይጨርሱት እንጂ።"

ኮፍያውን ደፋ፤ መልሶ አወለቀው።

"ባለ ሻርፗ ልጄ ነበረች" አላት። "የምታመልጠው እዚህ ብቻ ነው።"