ቢተው አብራሪውን ያስተኛበት ቀን

ቢተው የሉማሜ ሰው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሲራራ ንግድ ዓባይን ሲወርድና ሲወጣ ኖሯል፤ ከጎጃም ማርና ቅቤ ይዞ ይሄዳል፣ ከሸዋ አሞሌ ጨው ጭኖ ይመለሳል። ድምፁ ጎርናና፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ነበር። ጓደኞቹ ግን ከሁሉ በላይ የሚያነሱበት እንቅልፉን ነው። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ዝናብ ቢያስገመግምም፣ ሽፍታ አለ ቢባልም፣ ቢተው ቅፍለቱን ያስቆምና «መጀመሪያ እንተኛ!» ይላል። እነሱም «የእንቅልፍ አለቃ» እያሉ ይስቁበታል።

እሱ ግን ምክንያት ነበረው። በጎረምሳነቱ ሦስት ቀን ዓይኑን ሳይከድን ተጉዞ የዓባይ ቁልቁለት ላይ እንቅልፍ ጣለው። ወድቆ አይደለም፤ እየተራመደ ነው። ባንኖ ዞር ሲል ሁለት በቅሎዎች ከነጭነታቸው ገደል ገብተዋል። «ያስደነገጠኝ መተኛቴ አይደለም» ይል ነበር ሲያወራው፤ «አለማወቄ ነው። ብትጠይቁኝ ኖሮ ነቅቻለሁ ብዬ እምልላችሁ ነበር።»

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሦስተኛው ዓመት አርበኞች መንገዱን ዘጉት፤ የሲራራ ንግድም ቆመ። የቢተውንም በቅሎዎች ወታደሮች መትረየስ ሊጭኑባቸው ነድተው ወሰዱበት። ባዶ እጁን የቀረው ቢተው ሚስቱን ወለተ ኪዳንን ይዞ ደብረ ማርቆስ ገባና ከአይሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ሥራ አገኘ። ሥራው ከብት መከልከል ነበር። ሜዳው እንዳይነካ ስለተከለለ ሣሩ ለምልሟል፤ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ከዳር ተሰልፎ የቢተውን ዓይን ሲጠብቅ ይውላል። ዞር ካለ ይገባል። እሱም እየጮኸ ያባርራል።

መንገዱ ስለተዘጋ ዱቄቱም፣ መድኃኒቱም፣ ደብዳቤውም የሚመጣው በሰማይ ነው። የሚያመላልሰው ሉካ የሚባል ቀጭን አብራሪ ነበር። ግንቦት ሲገባ ከእሱ ጋር የሚፈራረቀው አብራሪ በወባ ወደቀና ሥራው ሁሉ በሉካ ላይ ተደረበ። ቢተው ቆሞ ያየዋል። መጀመሪያ እንደ ጭልፊት ሸተት ብሎ ያርፍ የነበረው አይሮፕላን አሁን መሬቱን ሁለት ሦስቴ ይመታና እየነጠረ ይቆማል። ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶም ቶሎ አይወርድም። አንድ ቀን ሲጋራውን ሊለኩስ ክብሪት ጭሮ፣ እሳቱ ጣቱን እስኪያቃጥለው ድረስ ባዶውን ሲመለከት አየው።

«ይኼ ሰውዬ እየሄደ ተኝቷል» አለ ቢተው ለወለተ ኪዳን።

«አንተ ደግሞ ሰውን ሁሉ ሳታስተኛ አይሆንልህም» ብላ ሳቀችበት።

ነገሩ ወደ ቢተው ወገኖች የመጣው አንድ ሐሙስ ዕለት ነው። የሜዳው አስተርጓሚ ያሕያ፣ ከጦርነቱ በፊት የጨርቅ ነጋዴ የነበረ፣ ለቢተው እንደ ታናሽ ወንድም ነው። ሚስቱ ሸሪፋ ሆዷ ውስጥ እጢ ወጥቶባት ሐኪሙ «አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ሕክምና ካልወጣላት አትድንም» ብሏል። ያሕያ ስንት ደጅ ጠንቶ በዚያ ቀን አይሮፕላን እንድትሄድ ተፈቀደላት። ሸሪፋ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቆሎ በመሐረብ ቋጥራ መጣች።

«ጋሼ ቢተው፣ እኔ በሰማይ ስሄድ እርስዎ እዚህ ከበሬ ጋር ይሯሯጡ!» አለችው፤ ሕመሙ ጎንበስ እያደረጋት እንኳ።

ቢተው ሳቀ። ዞር ብሎ አብራሪውን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። ሉካ የግራ ጓንቱን ቀኝ እጁ ላይ ለማጥለቅ ይታገላል።

«ያሕያ፣ እስቲ ዛሬ ስንተኛ ጉዞው እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ያሕያ ጠየቀ። «ሦስተኛዬ ነው ይላል።»

«አራተኛው ነው። እኔ ቆሜ ቆጥሬያለሁ።»

ሉካ ተቆጣ። በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ሁለተኛው ላይ ደርሶ ቆመና ጣቱን አተኩሮ ተመለከተ። ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «ትእዛዝ ነው። ደግሞ አልደከመኝም» አለ።

«አልደከመኝም አለ?» ቢተው ክው አለ። ያ የዓባይ ቁልቁለት ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። «በል ለሜዳው አዛዥ ንገርልኝ። ሁለት ሰዓት ይተኛና ይሂድ በለው።»

አዛዡ ነገሩን ሰምቶ እንኳ አልጨረሰም። «ከብት ጠባቂ ነው አብራሪ የሚያዘው?» ብሎ ጮኸና ሸሪፋ እንድትሳፈር አዘዘ።

ቢተው ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወደ ሜዳው ዳር ሄደ፤ ለከብቶቹም ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ።

እነሱ ሁለተኛ ግብዣ አላስፈለጋቸውም። በሬው፣ ላሙ፣ ወይፈኑ፣ ሥልሳ የሚሆን ከብት እየተጋፋ ገብቶ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ወታደሮቹ ሊያባርሩ ሮጡ፤ ከብቱ ግን የለመደው የቢተውን ድምፅ ብቻ ነው። ከወዲህ ሲያባርሩት በወዲያ ይዞራል። አንዱ ጥቁር ኮርማ ወታደሩን መልሶ ሲያባርረው ሸሪፋ ሆዷን ይዛ «ወይኔ! አታስቁኝ፣ እጢው ይፈነዳል!» ትላለች። ቢተውም እግሬ ተጠማዘዘ ብሎ ያቃስታል።

ሜዳው እስኪጠራ ሁለት ሰዓት አለፈ። በዚያን ጊዜ ሉካ ከክንፉ ጥላ ሥር፣ አፉን ከፍቶ፣ ሣሩ ላይ ተዘርሮ ነበር። ለመቀስቀስ ሁለት ሰው ቢነቀንቀውም አልሰማም፤ በመጨረሻ ፊቱ ላይ ውኃ አፈሰሱበት። ተነሣ፣ ታጠበ፣ ዙሪያውን እያየ ፈገግ አለ። አይሮፕላኑንም እንደ ገና ዞሮ መመርመር ያዘ። ጭራው ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሎ ቀረ።

ነፋስ ሲነሣ የጭራው መቅዘፊያ እንዳይማታ በእንጨት ተይዞ ይታሰራል። አሁን እንዳረፈ ራሱ ሉካ አስሮት ነበር። ሳይፈታው ሊነሣ ነበር።

እንጨቱን ነቅሎ ለያሕያ አሳየው። «ከዚህ ጋር ብነሣ ኖሮ መዞርም ማረፍም አልችልም ነበር» አለ። «ከመተኛቴ በፊትም ዞሬ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ አይቶ እኔ አላየሁትም።»

ያሕያ ሲተረጉም ቢተው እግሩን ማሸት ረሳ። «እኔም አይቼዋለሁ» አለ፤ «የአይሮፕላኑ አካል መስሎኝ ነው እንጂ!»

ሸሪፋ በሰላም ሄደች። አዛዡ ግን ቢተውን «ከብት ያስገባ ከከብት ጋር ይደር» ብሎ በረት ውስጥ አሳሰረው። በማግሥቱ ሉካ ተመልሶ ሲመጣ እንጨቱን አዛዡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ብዙ ተነጋገሩ። ቢተው ተፈታ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ አብራሪ መጣ፤ ሉካም ከዚያ ወዲህ በቀን ከሁለት ጉዞ በላይ አልበረረም።

ወሬው ቁይ ከተማ ድረስ ዘለቀ። የወለተ ኪዳን ወንድም ደምለው፣ ለአርበኞች ስንቅ የሚያቀብለው፣ ገበያ አሳቦ መጣና ቢተውን ወደ ጥግ ወሰደው።

«ጉድ ሰማሁብህ! ጠላት በገዛ እጁ ሊከሰከስ ሲል አዳንከው?»

«ደምለው» አለ ቢተው፣ «ሸሪፋ ነበረች ውስጡ። ከበቅሎዎቼ ጀምሮ ብዙ የወሰደብኝን ጣሊያን አልረሳሁም። ግን የደከመ ሰው ምን እንደሚያደርግ እያወቅሁ ዝም ብል፣ ያሕያን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ደምለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮርማው ወታደሩን አባረረው የተባለው እውነት ነው?» አለ። «እውነት ነው» ሲለው በሳቅ ፈነዳና ተቃቀፉ።

ሸሪፋ በነሐሴ ድና ተመለሰች፤ ከስታለች፣ ምላሷ ግን እንደ ነበረ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ቆይታ ሴት ልጅ ወለደች። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ ያሕያና ቢተው ሽርክና ገብተው ሉማሜ ላይ የጨርቅና የጨው ሱቅ ከፈቱ። በሩ በየት ይሁን በሚለው ሸሪፋና ወለተ ኪዳን ሦስት ቀን ተከራከሩ፤ አልስማማ ሲሉ አናጢው ሁለት በር አውጥቶላቸው ሄደ።