መኪናዬን ከሩቅ እንድትለየው

መኪናቸውን እንደ ሙሽራ የሚያስጌጡ ሾፌሮችን አልወድም ነበር። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሜ፣ የፊት መብራቱን ሰማያዊና ወይን ጠጅ እያብለጨለጨ የሚገባ ሚኒባስ ሳይ፣ ይኼ ሰው የጫነው ተሳፋሪ ነው ወይስ ሚዜ እያልኩ ተራ ከሚጠብቁት ጋር እስቅ ነበር። ምላሴ ክፉ ነው፤ ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የራሴን መኪና ላስጌጥ የወሰድኩ ዕለት መናኸሪያው በተራው ሳቀብኝ። ይሳቁ፤ እኔ ያስጌጥኩት ለእናቴ ነው።

እናቴ የምትኖረው ሉማሜ ሳይደረስ፣ ከአስፋልቱ በላይ ባለች ጉብታ ላይ ነው። የምሠራው ማርቆስና ሉማሜ መካከል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በሥሯ ስመላለስ እውላለሁ። ቀን ቀን ግድ የላትም። ማታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ የመጨረሻ ተሳፋሪዎቼን ይዤ ወደ ማርቆስ ስመለስ ግን ጋቢዋን ተከናንባ ደጅ ትቆማለች። መንገዱ አንዳንድ ቀን ይዘጋል፣ ስልኩም አብሮት ይጠፋል። እንዲህ ባለ ቀን ሉማሜ አድሬ ጠዋት ስመጣ እዚያው ደጅ ላይ አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ ልጄ ማለፉን ሳላውቅ አልገባም አለች።

ችግሩ በዚያ ሰዓት የሚያልፈው ሚኒባስ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ጡሩምባ ልንፋላት ብል፣ እዚያ ኩርባ ላይ ጡሩምባ የማይነፋ ሾፌር የለም። አንድ ቀን ጎረቤቷ የሆኑ እናት ጋቢና ተሳፍረው ሲሄዱ ጉዱን ነገሩኝ። እናትህ እኮ የቱ መኪና ያንተ እንደሆነ አታውቅም፣ መንገዱ ጭር እስኪል ነው የምትቆመው አሉኝ። ያን ክረምት ደረቷን ይዟት ስትስል ከርማለች፤ ጤና ጣቢያም ብርድ እንዳይመታት አስጠንቅቀዋታል። ሄጄ ለመንኳት፣ ቀጥዬም ተቆጣኋት። ለሁሉም እሺ አለችኝ። የእናቴ እሺታ እኔ ከግቢው እስክወጣ ድረስ ብቻ የሚሠራ እሺታ ነው።

መኪናዬን ከሩቅ ብትለየው፣ እኔ እንዳለፍኩ ትገባለች ብዬ አሰብኩ። መናኸሪያው አጠገብ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፤ ወሬኛ ነው፣ እጁ ግን ወርቅ ነው። ስነግረው እሱ ብቻ አልሳቀም። ለእናት ከሆነማ ማንም የሌለው ቀለም ይሁን አለና አረንጓዴ የኤልኢዲ መብራት አወጣ።

ሥራው እንደጠበቅኩት ቀላል አልሆነም። የፊት መብራት መስታወት በማጣበቂያ የታሸገ ስለሆነ ሳይሞቅ አይከፈትም፣ ወዳጄ ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ያለው ዳቦ ቤት ጎረቤት ነው። የጠዋቱ ዳቦ ወጥቶ ምድጃው በረድ ሲል፣ የመኪናዬን ሁለት ዓይኖች በዳቦ ትሪ አድርገን አስገባናቸው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወገባቸውን ይዘው ከላያችን ቆሙ። ነገ ዳቦው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ቢል ሁሉንም እናንተ ናችሁ የምትበሉት አሉ፤ ቀልዳቸው አልመሰለኝም።

ማጣበቂያው ሲለሰልስ ወዳጄ መስታወቱን በትዕግሥት ላቀቀው። ቀጭኗን የኤልኢዲ ገመድ በመብራቱ ጠርዝ ዙሪያ ለጠፈ፣ ሽቦዋን ከትንሹ መብራት ጋር አገናኘ፣ ውስጡን ወልውሎ ገጠመና በሲሊኮን አሸገው። የማርቆስ ጉም አንዴ ከገባ አይወጣም እያለ ሲሊኮኑን እንደገና ዞረበት። ሲያበራው መኪናዬ አረንጓዴ ኩል የተኳለች መሰለች። አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

በመጀመሪያው እሑድ እናቴ ቤት ስገባ ገና ከበሩ ላይ፣ አየሁት፣ እንደ እሸት የለመለመ አረንጓዴ ነው፣ እንዳለፍህ ገባሁ አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልናገር አልችልም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ያቺን ኩርባ ባለፍኩ ቁጥር፣ ይኸኔ እሳቷ ዳር ተቀምጣለች እያልኩ ልቤ ሞቆ እነዳ ነበር። ለተሳፋሪውም ሳልጠየቅ አወራለሁ።

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝና አረንጓዴ መብራት ከፊት እንደማይፈቀድ፣ ከሩቅ ለሚመጣ ሾፌር እንደሚያሳስት አስረዳኝ። የእናቴን ነገር ነገርኩት። ጨርሼ እስክነግረው ሰማኝ፤ ከዚያ ዛሬ በምክር ልለፍህ፣ ነገ ግን እንዳላየው አለኝ። ልክ ነው፣ ምን ይባላል። መብራቶቹ እንደገና ወደ ዳቦ ቤት ሄዱ፤ ሲመለሱ እንደማንም መብራት ነበሩ።

ያን እሑድ እግሬን እየጎተትኩ ወደ ጉብታዋ ወጣሁ። እናቴ ምስር በጣቷ እየዳበሰች ትለቅም ነበር። አረንጓዴው መብራት መፈታቱን ነገርኳት፤ ከእንግዲህ ልትለዪኝ አትችዪምና እባክሽ ደጅ አትቁሚ ብዬ ለመንኳት። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

«እኔ መቼ ለይቸው አውቃለሁ ልጄ?» አለችኝ። «ዓይኔን ከጋረደው ቆየ። የሁሉም መብራት ለኔ እንደ ጉም ነው፤ ይመጣል፣ ያልፋል።»

አረንጓዴ መሆኑን የነገሯት ጎረቤቷ ናቸው። ለምን አየሁት አልሽኝ ብላት፣ ያን ያህል ደስ ብሎህ መጥተህ ምን ብዬ ላስከፋህ አለች። ታዲያ ማታ ማታ እንዳለፍኩ አልገባሽም ማለት ነው? አልገባሁም አለችኝ። ምንም ካላየሽ እዚያ ብርድ ላይ ቆመሽ ምን ትሠሪያለሽ?

«የመጣውን ሁሉ እመርቃለሁ። እግዜር በሰላም ያግባህ እለዋለሁ። ከነሱ አንዱ አንተ ነህ፤ ማንንም ካልዘለልሁ አንተን አልስትህም።»

አንገቴን ደፋሁ፤ እንባዬን እንዳታይብኝ ፈራሁ፣ ለካ ቀድሞውንም አታይም። ሉማሜ ላይ ተሳፋሪ የሚነጥቀኝ፣ ሰላምታ ከነፈግሁት የቆየ ሾፌር ትዝ አለኝ። የገዛ እናቴ ማታ ማታ ስትመርቀው ኖራለች። በማግስቱ እንዴት አደርህ ብለው፣ ታመሃል እንዴ አለኝ።

በዚያው ሳምንት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ደጇ ላይ የባሕር ዛፍ እንጨት ተክዬ በቆርቆሮ ከለልኩላት። ዓይኗንም አሳየሁ፤ ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ተባለ። ቀጠሮ ያዝኩላትና አሻፈረኝ አለች። ቢላዋውን ፈርታ መስሎኝ ላደፋፍራት ስሞክር አቋረጠችኝ።

«ዓይኔ ከበራ፣ መብራትህን ሁለቴ ብልጭ ካደረግህልኝ እለይሃለሁ። ከለየሁህ ደግሞ እንዳለፍህ መግባቴ ነው። ከኋላህ ለሚመጣው ማን ይቁምለት?»

ተናደድኩ። የገዛ እናቱ ትቁምለት አልኳት።

«እናት የሌለው እንደሆነስ?»

ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ሴት ስለሆነች ክርክር አትፈራም፤ እኔም ልጇ ነኝ። እሷ የመጨረሻው መኪና ካላለፈ አለች፣ እኔ ከእኔ በኋላ አንድም አይጠበቅም አልኩ። ስንጎትት ቆየን። በመጨረሻ ዓይኗን ልትታከም፣ ከዚያም ማታ ማታ ከእኔ ኋላ የሚመጣውን አንድ መኪና መርቃ ልትገባ ተስማማን።