ፀዳለና የተላጠው ጥቁር እንጨት

ወልቂጤ ዳር የምትኖረው ፀዳለ በቃጫ ማቅለም ሥራዋ የታወቀች ሴት ነበረች። ከእንሰት የተፋቀውን ነጭ ቃጫ ጥቁር እንጨት ከሚባለው ዛፍ ልጥ ጋር በትልቅ ድስት ታፈላዋለች፤ ሲወጣ ቀይ አፈር ይመስላል። ጠቆር እንዲል ከፈለገች የዛገ ምስማር ጣል ታደርግበታለች። ጅባ የሚባለውን ምንጣፍ የሚሠሩ ሴቶች ቀለሟን ፈልገው ከቸሃ ድረስ ይመጡ ነበር። ያው ልጥ ደርቆ ሲወቀጥ ለቁስል ይሆናል፤ ማጭድ የቆረጠው ሰውም፣ ቀንበር የላጠው በሬም ደጇን ያውቀዋል።

ልጡን የምታነሣው አባቷ ጓሮ ውስጥ ከተከሉት ዛፍ ነው፤ ያውም ከአንድ ጎን፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ብቻ። ያነሣችበት ቦታ እስኪሽር ዳግመኛ ቢላዋ አታስነካውም።

በ1994 ዓ.ም. ክረምቱ እንደወጣ እህቷን ልትጠይቅ ቡታጅራ ሄዳ ሦስት ቀን ሰነበተች። ስትመለስ ዛፉ ከሥሩ እስከ ሰው ቁመት ዙሪያውን ተልጦ፣ ገላው ተራቁቶ ቆሟል። ግንዱን ዞራ ዳሰሰችው።

ጎረቤቷ ሰይዶ አጥር ተሻግሮ መጣ። «ተካ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ፀዳለ ልካኝ ነው ቢለኝ አመንኩት። ልጡን ጭኖ ወደ አገና ገበያ ሄደ።»

ተካን እንዴት አታውቀው! አምና መጥረቢያ እግሩን ሲቆርጠው በዚሁ ልጥ ዱቄት ያዳነችው እሷ ናት።

«እንግዲህ አለቀለት፤ ማገዶ አድርጊው» አላት ሰይዶ።

«ኧረ ገና ነፍስ አለው! ይልቅ መሰላልህን አምጣልኝ።»

ጭቃና እበት አቡክታ ግንዱን ከታች እስከ ላይ ለቀለቀችው። በእንሰት ቅጠል ሸፈነችው፤ በቃጫ ገመድ ጠፍራ አሰረችው። ጨርሳ ስትወርድ መሽቶ ነበር።

በማግስቱ በሚኒባስ አገና ገበያ ወረደች። ተካ ልጡን ከምሮ «ለስኳር! ለደም ግፊት! ለወባ!» እያለ ይጮኻል። ትኩሳት ያነደደው ሕፃን ያዘለች እናት እጇን ስትዘረጋ ፀዳለ መሃል ገባች።

«እህቴ፣ ይህን ልጥ ሃያ ዓመት የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ቁስል ያደርቃል፣ ቃጫ ያቀልማል። ከትኩሳት ጋር ግን አይተዋወቅም። ልጅሽን ይዘሽ አሁኑኑ አታት ሆስፒታል ሩጪ!»

ሴትዮዋ ብታመነታ፣ ፀዳለ ራሷ እስከ መኪናው ሸኘቻት። በሽታው ወባ ሆኖ ተገኝቶ ልጁ ታክሞ መዳኑን ከሳምንት በኋላ ሰማች።

ተካ ፊቱ ጠቁሮ ጠበቃት። «እትዬ ፀዳለ፣ ምነው በሰው ፊት አዋረዱኝ?»

«ዛፌን ብቻ ልጠህ ቢሆን እቤት ቁጭ ብለን እንጨርሰው ነበር። በሰው ነፍስ ስትመጣ ግን ዝም አልልም። በል፣ ይህን ሁሉ አንሣና ተከተለኝ።»

ሽማግሌ ሰብስባ ልታስቀጣው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። ልጡን ሁሉ አፍልታ ቀለም አደረገችው፤ ተካን ደግሞ በጋውን ሙሉ ውሃ እየቀዳ የግንዱን ጭቃ እንዲያረጥብ አዘዘችው። አንድም ቀን አልቀረም።

በሁለተኛው ክረምት ሽፋኑን ገለጥ ብታደርገው፣ ከሥሩ ስስ፣ ቀላ ያለ አዲስ ልጥ ብቅ ብሏል። እልል አለች፤ ሰይዶም በአጥሩ ላይ ሆኖ «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ዛፉ ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ትልቁ ቅርንጫፍ ደርቆ ቀርቷል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ልጥ አላነሣችም። ደንበኞቿን እየመለሰች፣ ከዛፉ የረገፈውን ፍሬ ለቅማ ችግኝ አፈላች። ከዚያ ወዲህ ልጥ ፈልጎ የመጣባትን ሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ጓሮህ ውስጥ መትከያ ቦታ አለህ?»