ጠላቂ ቆጣሪዋ

ሰው ወደ ውሃው ሲገባም ከውሃው ሲወጣም ጣቷን እያነሳች ስለምትቆጥር፣ ወደቡ ላይ ያለው ሁሉ ቆጣሪዋ ይላታል። ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ያሳለፈችው የጠላቂዎች ጀልባ ስትነዳ ነው። የአየር ጋን ያዘሉ ሰዎች ባሕሩ ሥር ዓሣ ሲያዩ፣ እሷ ላይ ሆና አረፋቸውን በዓይኗ ትከተላለች፤ ሌላ ጀልባም እንዳይጠጋቸው ትጠብቃለች።

ሰው መናቅ ታውቅበታለች። ዘሎ ከመግባቱ በፊት ፎቶ እንድታነሳው የሚለማመጣትን ጠላቂ ትንቃለች። «እኔ ምክር አያስፈልገኝም» የሚለውንማ መልስም አትሰጠው፤ የጋኑን ቀበቶ በዝምታ ፈትታ አስተካክላ ታስርለታለች። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን ላዩ ባዶ ስለሆነ ብቻ ባሕሩ ሁሉ ባዶ የሚመስለውን ጀልባ ነጂ ነው።

ራሷንም አትምርም። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ ከስምንት ጠላቂዎች ሰባቱ ወጥተው ያዩትን ሲያወሩ፣ ጨዋታቸው ጥሟት ሁሉም የወጡ መሰላት። ሞተሩን ልታስነሳ ቁልፉን ስትይዝ ከጀልባው ሆድ ሥር ሰው ደበደበ። ጠላቂዎቹን ይዞ የወረደው አሠልጣኝ ነበር። የአንዱን ተማሪ መብራት ሲፈልግ ዘግይቶ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር አጠገብ ብቅ ማለቱ ነው። ማንም አልተጎዳም። እሷ ግን ቁልፉን ነቅላ አሠልጣኙ እጅ ላይ አስቀመጠችውና ጥግ ይዛ ቁጭ አለች። ከዚያን ቀን ወዲህ የወጣውን ሁሉ ትከሻውን በእጇ ሳትነካ ቆጠርኩ አትልም። «ሰውየውን ያዳነው ዕድሉ ነው፤ እኔማ ወሬ ላይ ነበርኩ» ትላለች፣ ሲያነሱባት።

ከእሷ በአሥራ አንድ ዓመት የሚያንስ ወንድም አላት። ፈጣን ጀልባ ገዝቶ እንግዳ ያዝናናል። ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ እምብርቱ ከፍቶ፣ ሙዚቃውን አስጩኾ በአንድ እጁ ሲነዳ ያየ ባሕሩን ከአባቱ የወረሰው ይመስለዋል።

«ባሕር ላይ ጥርሴን የነቀልኩ ሰው ነኝ» ይላል።

«ጥርስህን ነቀልክ እሺ፤ ጆሮህን ምን አደረግኸው?» ትለዋለች።

ጆሮ የምትለው ስለ ባንዲራው መቶ ጊዜ ስለነገረችው ነው። ጠላቂ ውሃ ውስጥ ሲኖር ጀልባዋ ላይ ቀይ፣ መሐሉን ነጭ መስመር በሰያፍ ያቋረጠው ባንዲራ ይሰቀላል። ይህን ያየ ነጂ መቶ ሜትር መራቅ አለበት፤ መቅረብ ግድ ከሆነበትም በሰው እርምጃ ፍጥነት ይጓዛል። ወንድሟ ግን ያን ባንዲራ «ያቺ ጨርቅሽ» ከማለት በቀር ሌላ ስም ሰጥቶት አያውቅም። እንግዶቹን ለማሳቅም የጀልባዋን ጠርዝ እየታከከ ያልፋል።

አንድ ረፋድ ላይ ባሕሩ እንደ መስታወት ረግቶ ነበር። አሠልጣኙ ስድስት ሰው ይዞ ወርዷል፤ በድምሩ ሰባት። ሊወጡ ሲሉ እንደ ደንቡ አምስት ሜትር ላይ ቆመው ሦስት ደቂቃ ያርፋሉ። ያሉበት እንዲታወቅም ብርቱካንማ ፊኛ በገመድ ወደ ላይ ልከዋል። ፊኛው ከጀልባዋ ኋላ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ይንሳፈፋል፤ ሰባቱም አረፋ ዙሪያውን ይፈላል።

መጀመሪያ የሰማችው ሙዚቃውን ነው። ቀና ስትል የወንድሟ ጀልባ አፍንጫውን ሰቅሎ በቀጥታ ወደ ፊኛው ይመጣል። ፊሽካዋን ነፋች። ሁለት እጇን አወናጨፈች። እሱ ሰላምታ መስሎት እጁን አውለበለበላት።

ደሟ ፈላ፤ ግን አረፋውን ደግማ ሳትቆጥር ቁልፉን አልነካችም። ሰባት። ሁሉም ከኋላዋ፣ ከፊኛው ሥር። ከፊቷ ማንም የለም። ሞተሩን አስነሳችና ከፊኛው እየራቀች ዞራ ወንድሟ በሚመጣበት መንገድ ላይ ወጣች፤ ጀልባዋን አግድም አቁማ ሞተሯን አጠፋች። ከዚያ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

ያኔ ነው ነገሩ የገባው። መሪውን ጠመዘዘ፤ የጀልባው ጎን የእሷን ጎን ፈግፍጎ አለፈና ቆመ። እንግዶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረቡ።

«እትዬ፣ አብደሻል እንዴ? ልትገድዪን ነበር እኮ።»

«ሞተርህን አጥፋ።»

«ሰው ጭኛለሁ፣ አይታይሽም?»

«እኔም ሰው አለኝ። የኔዎቹ ከፊትህ ውሃ ውስጥ ናቸው። አጥፋ።»

አጠፋ። ሙዚቃውንም አንድ እንግዳ ራሱ ዘጋው። ትንሽ ቆይቶ ፊኛው አጠገብ አንድ ራስ ወጣ፤ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሌላ፤ ጀልባው ሊያልፍበት በነበረው መስመር ላይ ሰባት ራስ ተደረደረ።

ከጠላቂዎቹ አንዱ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ጀልባዋ ላይ ወጥተው ትከሻቸውን ከነካቻቸው በኋላ፣ «ድምፁን ሁላችንም ሰማነው» አሉ። «ከየት እንደሚመጣ ግን አይለይም፤ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ወዴት ይሸሻል? ገመዱን ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ።»

ሰው ይህን ሰምቶ ያፍራል። ወንድሟ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በማግስቱ ወደብ ጽሕፈት ቤት ሄዶ እሷን ከሰሰ። መንገድ ዘጋችብኝ፣ ጀልባዬን አስፋቀችብኝ አለ። ባንዲራውስ ሲባል፣ ነፋስ ስላልነበረ ተጠቅልሎ አልታየኝም አለ።

ከመጠራቷ በፊት እናታቸው ደወሉላት። «ወንድምሽ እኮ ነው። አላየሁም ብትያቸው ምን አለበት?»

«እማዬ፣ እኔን የቀጠሩኝ እንዳይ ነው።»

የወደብ ሹሙ ቢሮ ጠባብና የታፈነ ነው። መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም፤ ጥግ ላይ የቆመው ማራገቢያ ከተበላሸ ቆይቷል። ወንድሟ ነጭ ሸሚዙን ለዚህ ቀን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ሹሙ ምን እንደምትል ሲጠይቋት ወሬ አላበዛችም። ይዛው የመጣችውን ባንዲራ ከነዘንጉ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ነፋስ በሌለበት ክፍል ባንዲራው እንደ ሰሌዳ ተዘርግቶ ቆመ፤ ላይኛው ጠርዙ ውስጥ ሽቦ ተሰፍቶበታል።

«ነፋስ ባይኖርም የሚታየው ለዚህ ነው» አለች። «እሱ ጨርቅ እያለ ስለሚጠራው ነው ይህን የማያውቀው።»

ሹሙ ሽቦውን በጣታቸው ዳሰሱትና ወደ ወንድሟ ዞሩ። «ጌታው፣ ምክንያትህ ውሃ አያነሳም።»

አራት ወር እንዳይነዳ ታገደ፤ ፈቃዱ የሚመለስለትም የጠላቂዎች ትምህርት ቤት ገብቶ ሲማር መሆኑ ተጻፈለት። እናታቸው ለአንድ ሳምንት ቆጣሪዋን አላናገሯትም። እሷም ሥራዋን ቀጠለች።

የትምህርቱ መጨረሻ አምስት ሜትር ወርዶ፣ ከሩቅ የሚያልፍ ጀልባ ማዳመጥ ነበር። አሠልጣኙ እጁን ይዞ አወረደው። እሷ እንደማንኛውም ጠላቂ አረፋውን ቆጠረች፤ የወንድሟ ነው ብላ አንድም አልጨመረችለትም፣ አንድም አልቀነሰችበትም። ከሩቅ አንድ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ አለፈ። ወንድሟ ሲወጣ ከንፈሩ ነጥቷል። ትከሻውን ነካችው።

«እሺ?» አለችው።

«ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቀጥሎ ይቅርታ ይላል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ፎጣ ጠየቃት። በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ከንቱ እንዳለ እያሰበች ፎጣውን ወረወረችለት።

አሁን ወደ ሥራው ተመልሷል። ሙዚቃውም መነጽሩም ከነበሩበት አልተነቃነቁም። ባንዲራዋን ሲያይ ግን ፍጥነቱን ቀንሶ፣ መቶው አልበቃ ብሎት ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ይዞራል። እንግዶቹ ለምን ሲሉት «እዚያ ያለችው ሴትዮ አትቻልም» እንደሚላቸው ሰምታለች። ማክበሩ ይሁን ማኩረፉ አልጠየቀችውም፤ ለጠላቂዎቹ ያው ነው።

እናታቸው በቀደም አግኝተዋት፣ «ታረቃችሁ ወይ?» አሏት።

«ሁለት መቶ ሜትር ላይ ታርቀናል።»

«ቤት ሲመጣስ?»

«ቤት ውስጥ ሞተር የለውም» አለች። «ይምጣ።»