ሞትን መስደብ ሥራዬ ነበር

ሙሾ ማውረድ የጀመርኩት ትክል ድንጋይ በምትባል የገጠር ከተማ፣ በአንድ አራሽ ሽማግሌ ለቅሶ ላይ ነው። አክስቴ ውባለም አውራጅ ነበረች፤ እኔ ተቀባይ። አውራጅ ግጥሙን ታወጣለች፣ ተቀባዮች እየመለስን ደረት እንደቃለን። ያን ቀን የአክስቴ ድምፅ ተዘጋና "በይ አንቺ አውጪ" ብላ ወደ መሀል ገፋችኝ። ያወጣሁት ይሄን ነው፦

እንግዳ ነኝ አለ፣ የመሸበት መስሎ፤
እግሩን ብናጥበው፣ ወሰደው አታሎ።

ሴቱ ሁሉ እሪ አለ። ሽማግሌው ግን አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት አልፏቸው፣ እግዚአብሔር እንዲገላግላቸው ልጆቻቸው ስለት ተስለው ነው የሞቱት። ሞት አታለለ ከተባለ ያታለለው በመዘግየቱ ነው።

ስንመለስ አክስቴ የሙያውን ሕግ ነገረችኝ። "ሰው አትንኪ። ሞትን ግን እንዳሻሽ ዝለፊው፤ ሌባ በይው፣ ደላላ በይው። ዘመድ የለው አይቀየምሽ፣ ጠበቃ የለው አይከስሽ።"

በዚህ ሕግ ጎንደር ከተማ ገብቼ ሠላሳ ዓመት ሠራሁ። ድንኳን ከመግባቴ በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወደ ጓዳ እጠራና የሟችን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ሙያውን፣ የሚወደውን ነገር እጠይቃለሁ። ቀጥዬ ሞትን ምን እንደማለብሰው አስባለሁ። በሙሾ ውስጥ ሞት እንዲሁ አይመጣም፤ ሌላ ሰው መስሎ ነው የሚመጣው። ለነጋዴ ደንበኛ መስሎ፣ ለሹም ባለጉዳይ መስሎ፣ ለቄስ ንስሐ ገቢ መስሎ ይመጣል። ለድሃ ሲመጣ ግን ማንንም መምሰል አያስፈልገውም። የድሃ ቤት በር ላይ የሚያስቆመው የለም፤ ዝም ብሎ ይገባል።

ቤተሰቡ የሚፈልገኝ ለሟች ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እናቷን ስድስት ዓመት ያልጠየቀች ልጅ "ሞት ቀደመኝ በይልኝ" ትለኛለች። እኔም እላለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአዘዞ ፒያሳ የሚያደርስ ታክሲ አጥታ ኖሯል። ጠጥቶ ሲነዳ የሞተ ጎረምሳ አባት ደግሞ "ሞት ሾፌር መስሎ መንገድ ላይ ጠበቀው በይልኝ" አለኝ። ሾፌሩ ልጁ ራሱ ነበር፤ ቢሆንም አልኩለት። የቪዲዮ ቀራጩም አልቀረም፤ "እማማ፣ ሞትን ሲሰድቡ ፊትዎን ወደ መብራቱ ያዙሩ" ይለኛል።

በከተማው የሞትን ያህል ስሙ የጠፋ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬ ነበር።

አንድ ዓመት ደሴ የሚባል የቀን ሠራተኛ ከቀሐ ወንዝ በላይ ለፎቅ መሠረት ሲቆፍር አፈር ተንዶበት ሞተ። ሚስቱ የሺ፣ ሁለት ልጅ ይዛ ቀረች። ወንድሟ ማሩም እዚያው ቁፋሮ ላይ ነው የሚሠራው። በሣልስቱ ጠዋት ለቅሶ ቤት ስደርስ ቀድሞ ያናገረኝ ቤተሰቡ ሳይሆን የሥራው ተቋራጭ አቶ ምናለ ነበር። ድንኳኑንም መብራቱንም ቪዲዮ ቀራጩንም ያቀረበው እሱ ነው።

"እማማ፣ ሸጋ አድርገው ያውጡት። ሞት ከመሬት ሥር አድብቶ ጠበቀው፣ አታሎ ወሰደው ይበሉ።"

"እንዴት ነው የሞተ?" አልኩት።

"ቀኑ ደርሶ ነዋ።"

"ቀኑ ጉድጓድ ውስጥ ነው የደረሰው?"

"አፈር ተናደ። አፈሩን እኔ አልፈጠርኩት" አለና ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ።

ማሩ ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ሰኞ ሥራ ግቡ ብለውናል" አለኝ። "ያው ጉድጓድ ነው።"

"ግድግዳው በእንጨት አልተደገፈም?"

"ፎርማኑን ጠይቀነው ነበር። እንጨቱ ለፎቁ ነው ይላል። የሺ አትውረድ እያለች ታለቅሳለች። ሰው ሁሉ ግን ሞት ነው የወሰደው እያለ ነው። ሞት ከሆነ ቤቴም ብቀመጥ ያገኘኛል፤ ስለዚህ እወርዳለሁ።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ሞትን መስደቤ በሕይወት ያለ ሰው ይጎዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቁፋሮው ሄድኩ። ጉድጓዱ ሁለት ሰው ቢደራረብ ይውጣል። ግድግዳው ከላይ ተሰንጥቋል። ከአፉ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የባሕር ዛፍ እንጨት እንደታሰረ ተከምሯል፤ ዘበኛው ላዩ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሟች የወደቀበትን ቦታ ሄጄ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። አፈርኩ።

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። የአክስቴን ሕግ ማፍረስ አልፈለግሁም፤ ሰው አልነካም። ነገር ግን ሞትን ያን ሁሉ ዘመን ስሰድበው አንድ ቀን እንኳ አንተስ ምን ትላለህ ብዬው አላውቅም። ያን ቀን አፉን ከፈትኩለት፦

አለ ሞት ሲሟገት፣ ቆሞ በሸንጎ ላይ፦
ጉድጓድ ስትቆፍሩ፣ እንጨት አጣችሁ ወይ?
እኔስ በሌላ አገር፣ ነበርኩ መንገደኛ፤
የጠራኝ ሰው አለ፣ ጠይቁት በዳኛ።

ተቀባዮቼ መመለስ አቃታቸው። ደረት ይደቁ የነበሩት የደሴ ባልደረቦች እጃቸው እንደተነሣ ቀረ። የሺ ብቻ ከተቀመጠችበት ተነሥታ "እንጨት አጣችሁ ወይ" እያለች ደጋገመችው፤ ኋላ ወንዶቹ ተቀበሏት። ቪዲዮ ቀራጩ መብራቱን ወደ አቶ ምናለ አዞረ። ያን ያህል ብልህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አቶ ምናለ ወደ ጎኔ ተጠግቶ "ምነው እማማ፣ ለሞት ጠበቃ ሆኑለት?" አለኝ።

"ሰው አልነካሁም። ሞት ያለውን ነው የተናገርኩ" አልኩት።

ሰኞ ማንም አልወረደም። ማክሰኞ ፎርማኑ መጥቶ ለመናቸው። ረቡዕ የተከመረው እንጨት ተፈትቶ ግድግዳው ግራና ቀኝ ተደገፈ፤ ማሩ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

ትልልቆቹ ቤቶች እኔን መጥራት ተዉ። ሞት እነሱም ቤት አፉን ይከፍት እንደሆነ ማን ያውቃል። መጀመሪያ ከፋኝ፤ ቀስ በቀስ ለመድኩት።

ማሩ በወረደ በሳምንቱ ዝናብ ጣለና የተሰነጠቀው ግድግዳ ተናደ። አፈሩ እንጨቱ ላይ ተደግፎ ቀረ። ማሩ ከሥሩ ነበር፤ ልብሱን እያራገፈ ወጣ።

ሙያውን ከእኔ ለሚማሩ ሴቶች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ሞትን ከመስደባችሁ በፊት ሰውዬው የሞተበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ።