ተኩላ ቢሆን ይሻላቸዋል

ሃፍታይ በአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ፈንጂ አነፍናፊ ውሻ ይዞ ሲንጎራደድ፣ ሻንጣ የያዘ ሁሉ መንገድ ይለቅለት ነበር። ያን ሥራ ጦርነቱ በላው። አሁን፣ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ከኲሓ በላይ ባሉ ሸንተረሮች ሮማ የተባለች ውሻ ይዞ የተኩላ ዐይነ ምድር ይፈልጋል። «ዐይነ ምድር» የምትለው አለቃው ሥርጉት ናት፤ ተኩላዎች ምን እየበሉ እንደሚኖሩ የምታጠና፣ ከጎጃም የመጣች የዩኒቨርሲቲ መምህርት። እሱ ግን ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ያሉ የከተማ ጓደኞቹ ሥራውን ሲጠይቁት፣ «አር ለቃሚ ሆኛለሁ» ብሎ አፉን ያጣምማል።

ሥራውን ይንቃል። ገበሬዎቹን ግን የበለጠ ይንቃል።

በመስከረም ኣቦይ ኣረፋይነ የሚባሉ ሽማግሌ በጎቻቸው ተዘነጣጥለው አደሩ። ሃፍታይና ሥርጉት ሲደርሱ መንደርተኛው ጉረኖውን ከቦ፣ ሽማግሌው በሞቱት በጎች ሥጋ ላይ መርዝ ሊነሰንሱ ተዘጋጅተዋል።

«ተኩላ ነው፤ ጠረኑን ዐውቀዋለሁ» አሉ።

«ከእርስዎ አፍንጫ የውሻዬ ይሻላል» አለ ሃፍታይ።

ሮማ የተኩላ ዐይነ ምድር ስታገኝ ቁጢጥ ማለት ነው የተማረችው። ጉረኖውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ አልተቀመጠችም። ቁጢጥ ያለችው ሸንተረሩን ወጥታ ከአንድ ቋጥኝ ሥር ነው። ሥርጉት ጓንቷን አጥልቃ ያገኘችውን በእንጨት ፈለፈለችው፤ የአይጥ ጸጉርና የፌንጣ እግር እንጂ የበግ ጸጉር የለበትም።

ሃፍታይ ግን ከጉረኖው የሚወጣ ሌላ ዱካ በጭቃው ላይ አይቶ ነበርና ተከተለው። ዱካው የሽማግሌው ወንድም ግቢ ገባ። እዚያ ደረቷ ደም የለበሰ ቀይ ውሻ ተጋድማ ፀሐይ ትሞቃለች። ተከትሎት የመጣው መንደርተኛ ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«ለካ ቀድሞም ዐውቃችኋል!» አለ ሃፍታይ። «ተኩላ ወንድም የለው፣ በድግስ ላይ አያኮርፋችሁ። እና ገዳዩ እሱ ይሁን!»

«አንተ ሰው፣ ነውር አታውቅም?» አሉ ኣቦይ ኣረፋይነ።

«ነውሩማ በእጅዎ የያዙት መርዝ ነው።»

ሲመለሱ ሥርጉት መኪና ውስጥ ተቆጣች። «ሰው አዋርደህ ተኩላ አታድንም። ነገም እኮ ደጃቸው እንሄዳለን።»

«እኔ ነኝ ያዋረድኳቸው?» አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መርዙ አልተነሰነሰም። ቀይዋ ውሻ ታሰረች፤ ጉረኖውም በድንጋይና በእሾህ ታጠረ። ሃፍታይን ግን ያመሰገነው የለም፤ ኣቦይ ኣረፋይነ ኲሓ ገበያ ላይ ሲያገኙት ጀርባቸውን ይሰጡታል። መንደሩም ያን ጊዜ ተኩላውን በጩኸት አባረርነው እያለ ያወራል። ሥርጉት «ይበሉ፣ ዋናው አለመመረዙ ነው» ትላለች። ሃፍታይ ይህን ሲሰማ እንትፍ ብሎ፣ የሮማን ማሰሪያ ጠቅልሎ ይዞ ሸንተረሩን ይወጣል።